የአርባ አንድ ቁጥር መልሶች

ታምፔሬ፣ ፊንላንድ
ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ተረፈ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ክረምቱስ እንዴት ያደርግሃል? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ፤ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። የባለቤትህን የሉሲን ማረፍ በሰማሁ ጊዜ ደውዬ ሁለት ቃል ብዬ ዘጋሁ። ልጽፍልህ እያልኩ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዘግይቼም ቢሆን እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ነፍሷንም በገነት ያኑርልን።

የኔና ያንተ ዝምድና ሲቆጠር ሩቅ ነው። አያቶቻችን እህትማማች ናቸው ይባላል እንጂ አገራችን ተጂ ለቅሶ ካልሆነ የት ተገናኝተን እናውቃለን። ቢሆንም ሌላ የማስቸግረው ሰው የለኝምና አንተኑ ላስቸግር። በስልክ ያላደረግሁት፣ በስልክ ሁለታችንም ቶሎ "ደህና ነን" ብለን ስለምንገላገል ነው። በደብዳቤ ግን ሰው የጠየቁትን ሳይመልስ አያልፍም።

የምሠራው እንደምታውቀው ጽዳት ነው፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። ሰሞኑን አንድ ክፍል ሙሉ ዕቃ ይጣል ተባለ። ከዕቃው መሃል ክሊከር የሚሉት አለ። የቴሌቪዥን ሪሞት ግማሽ ቢያክል ነው። አስተማሪው ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተማሪው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ከሚሉት ቁልፎች አንዱን ይጫናል፤ መልሱ በአየር ሄዶ አስተማሪው ኮምፒውተር ላይ ከነቁጥሩ ይገባል። ማን ምን እንደመለሰ፣ ማን እንደቀረ፣ ሁሉንም ይጽፋል። እዚህ ልጆቹ አሁን በስልካቸው ስለሚመልሱ አያስፈልግም አሉ። አለቃዬን ለአገሬ አስተማሪ ልላከው ወይ ብዬ ብጠይቀው ውሰጂ አለኝ። መቶ አርባ ናቸው። አንድ በአንድ በአልኮል ጠርጌ በሰው እጅ ልኬልሃለሁ፤ ይህ ደብዳቤም ያለው እዚያው ካርቶን ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ልጄ ኤዶም አንተ የምታስተምርበት የሰበታው ኮሌጅ ገብታለች። እህቴ እትዬ ጥሩዬ ናት የነገረችኝ። ትቻት ስወጣ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃያ ልትደፍን ነው። እኔ ጋ እንድትመጣ የጀመርነው ወረቀት ከአራት ዓመት በፊት ከተመለሰብን ወዲህ በጽሑፍ መልእክት "ደህና ነኝ" ከማለት በቀር አታናግረኝም። ፎቶ ላኪልኝ ስላት ዝም ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን እየነቀዝኩ ነው።

አርባ አንድ ቁጥር ያለበትን ለኤዶም ስጥልኝ። ከሁሉ ይልቅ ቁልፉ ያልተበላው እሱ ነው። ከኔ መሆኑን እንዳትነግራት፤ ካወቀች አትነካውም። ክፍል መግባቷን፣ ከስታ እንደሆነም ወፍራ፣ ይህንን ብቻ ጻፍልኝ። የኢሜል አድራሻዬ ከጀርባው አለ።

ጤናና ሰላም ይስጥህ።
እህትህ አትክልት

ቡራዩ
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአትክልት፤

ሰላምሽ ይብዛ። በሰው አገር ያለሽን ሰው እግዜር ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ከቡራዩ ሰበታ በሁለት ታክሲ እየተመላለስኩ አስተምራለሁ፤ ቤትም እገባለሁ። ስለ ሉሲ ላልሽው አምላክ ብድሩን ይክፈልሽ።

ዕቃው ሳይጎድል ደረሰኝ። የባትሪ ድንጋይ ገዝተን ስናስገባላቸው ከሦስቱ በቀር ሁሉም ሠሩ። ልጆቹ ክሊከር ብለው አይጠሩትም፤ ሪሞት ነው የሚሉት። "ቲቸር፣ ዛሬ ሪሞት አለ?" ይሉኛል በር ላይ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር "ገብቷችኋል?" ብዬ "አዎ" ያልተባልኩበት ቀን የለም። መቶ ሠላሳ ልጅ ባንድ አፍ "አዎ" ይላል፤ ፈተና ላይ ግማሹ ይወድቃል። በአገራችን አልገባኝም ብሎ እጅ የሚያወጣ ልጅ የለም፤ ቢያወጣም ከኋላ ይሳቅበታል። በመጀመሪያው ቀን በሪሞት ጠየቅኋቸው። ስክሪኑ ላይ ለአራቱ መልሶች አራት ዘንግ ወጣ፤ ትክክለኛውን የመለሱት ከመቶው ሃያ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከዚያ ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩና እንደገና ተጫኑ አልኳቸው። ተንጫጩ፤ እንደገና ሲጫኑ ስልሳ ደረሰ። እኔ ምንም ሳልል ማለት ነው።

ስለ አርባ አንድ ያልሽው ተፈጽሟል። የላብራቶሪ ሠራተኛችን ጃዕፈር በር ላይ ቆሞ እያስፈረመ አደለልኝ፤ ቁጥሩ ለኤዶም እንዲደርስ ዝርዝሩን እኔ አስተካክዬ ነበር። እስካሁን አንድም ቀን አልቀረችም። ከአሥራ ሁለት ጥያቄ ሰባቱን አግኝታለች። ጊዜ ሳገኝ ጠርቼ አናግራታለሁ።

ቸር ያሰማን።
ወንድምሽ ተረፈ

ታምፔሬ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ተረፈ፤

እንዴት ነህ? ብርድ ገብቷል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመሻል። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ አንተም ጤናህን እንዳገኘህ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድም ቀን አልቀረችም ያልከውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ሰባት ከአሥራ ሁለት ጥሩ ነው መጥፎ? እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። ደግሞ እንደ ባንክ ቤት ቁጥር ብቻ አትላክልኝ። ጥያቄው ምን እንደሚል፣ እሷ የትኛውን እንደተጫነች ጻፍልኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ጠይቄያት የመለሰችልኝ የለም፤ አንተን ስትመልስልህ ልስማ።

ለመሆኑ ከስታለች ወይ? ይህን ዘለልከው።

ለገና በሰላም ያድርስህ።
አትክልት

ቡራዩ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአትክልት፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ሙሉውን ዝርዝር ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ እዚህ አንዱን ልጻፍልሽ። ኅዳር 3 ቀን የጠየቅኳቸው ነው። ከተፍኪ ወደ ሰበታ የሚመጡ ዘጠኝ ተማሪዎች አሉ። ስምንቱ በግማሽ ሰዓት ይደርሳሉ፤ ዘጠነኛው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ አራት ሰዓት ፈጀበት። የተለመደውን ጉዞ በደንብ የሚነግረን የትኛው ነው? ኤ፣ ሁሉም ተደምሮ ለዘጠኝ ሲካፈል። ቢ፣ በቅደም ተከተል ተደርድረው መሃል ላይ ያለው። ሲ፣ ረጅሙ። ዲ፣ በዚህ ብቻ አይታወቅም። አርባ አንድ መጀመሪያ ቢን ተጫነች፤ ትክክል ነበረች። ከጎኗ ካለው ጋር ተነጋግራ ስትመለስ ወደ ዲ ቀየረችው።

ከኅዳር መጨረሻ ወዲህ ግን እጅግ ተሻሽላለች፤ ከአሥር ስምንት። አሁንም አልቀረችም። በነገራችን ላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ዲሪርሳ ሪፖርት ጻፍ ብለውኝ ጽፌያለሁ። የተማሪ መገኘት ከሰባ አንድ ወደ ዘጠና ስድስት ከመቶ አድጓል። በወረቀት በነበረ ጊዜ አንዱ ላምስት ጓደኛው ይፈርም ነበር። በሪሞት ግን ያ ቀርቷል፤ እያንዳንዱ የራሱን ይጫናል። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል፤ ሌሎች ክፍሎችም ሊጠቀሙበት ነው። ይህ ሁሉ ያንቺ ሥራ ነው።

መልካም ገና።
ወንድምሽ ተረፈ

ታምፔሬ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ተረፈ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ።

ዝርዝሩ ደረሰኝ። የመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ ላይ አትሜ ኪሴ ይዤው እዞራለሁ። የተፍኪውን ጥያቄ ሳነብ አባቷ ትዝ አለኝ። እሱም እንደዚሁ ነበር፤ ትክክለኛውን መንገድ ይይዝና አንድ ሰው "እርግጠኛ ነህ?" ካለው ጥሎት ይመለሳል። ልጁን ሳያሳድጋት ሞተ፤ ይቺን ግን ከየት አመጣቻት? ሳቄ መጣ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እትዬ ጥሩዬ በገና ተጂ አልመጣችም አለችኝ። ከሰበታ ተጂ ምን ያህል ነው? "ትምህርት በዝቶባት ይሆናል" አልኳት፤ እንዳንተ ዝርዝር ትምህርት ላይ ነችና።

ጠርተህ አናገርካት ወይ? ሰው ይናፍቃታል ወይ? ከስታለች ወይ? ከሦስቱ አንዱን እንኳ መልስልኝ።

አትክልት

ቡራዩ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአትክልት፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። መብራት ሲጠፋ፣ የፈተና ወረቀት ሲከመር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወር አለፈ።

ኤዶም በርትታለች። ያለፉት አራት ሳምንታት ውጤት ሰባ ስምንት ከመቶ ነው። ከክፍሉ ከላይ ሃያዎቹ ውስጥ ናት። ጓደኛም ሳታገኝ አልቀረችም። አርባ ሁለት ቁጥር ሁልጊዜ እሷን ተከትላ በሁለት ሴኮንድ፣ በሦስት ሴኮንድ ልዩነት ትጫናለች። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ ማለት ነው። ብቻዋን አለመሆኗ ደስ ይበልሽ።

አዲሱን ዝርዝር አያይዣለሁ።

ሰላም ሁኚ።
ተረፈ

ታምፔሬ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ተረፈ፤

አይተሃታል?

አትክልት

ቡራዩ
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአትክልት፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ ጤናሽ ከመጠየቄ በፊት የጠየቅሽኝን ልመልስ። አላየኋትም ነበር።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መልሱን አውቀው ነበር። አርባ ቀን ያቆየሁት ልቤ ስለተነካ አይደለም፤ ቢነካ ደስ ባለኝ። ሉሲ ካረፈች ወዲህ እንኳን ሐዘን፣ ርሃብም በሰዓቱ አይሰማኝም። ክፍል እገባለሁ፤ ፊቴን ወደ ስክሪኑ አዞራለሁ፤ ዘንጎቹ ይወጣሉ፤ እወጣለሁ። ከመቶ ሠላሳ ሦስቱ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ባገኛቸው የምለያቸው አምስት ቢሆኑ ነው። ካርቶኑ ሲመጣ ደስ ያለኝ ለትምህርቱ ብቻ አልነበረም። ቀና ብዬ ማየት ስለቀረልኝም ነው። ይህን ያወቅሁት አሁን ነው፤ ሳውቀውም ብዙ አላመመኝም።

ማግስቱ የካቲት 12፣ የሰማዕታት ቀን፣ ስለነበር በሳልስቱ ክፍል ገባሁ። አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ተጫኑ። ከዚያ አርባ አንድን የያዘ ይነሳ አልኩ። ማንም አልተነሳም። ኮምፒውተሩ ላይ አርባ አንድ ከግማሽ ደቂቃ በፊት ሲን ተጭናለች። ደግሜ ስጠራ ከግራ በኩል አንዲት ልጅ ተነሳች። በሁለት እጇ ሁለት ሪሞት ይዛለች። ጣቢታ ትባላለች። ወላጆቿ ከሆሳዕና መጥተው ሰበታ ፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው፤ አርባ ሁለት የሷ ነው።

ቢሮ ወስጄ አናገርኳት። አልካደችም፤ አላለቀሰችም። ኤዶም ከኅዳር 17 ጀምሮ ክፍል እንዳልገባች፣ ሱሉልታ ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ እንደያዘች፣ ስትሄድ ሪሞቷን "እስክመለስ ቦታዬ እንዳይጠፋ" ብላ እንደሰጠቻት ነገረችኝ። ሦስት ወር ለሁለት ስትጫን ከርማለች። ሁለቱን አንድ ዓይነት ብትመልስ እንደምነቃባት ስለገመተች መልሱን ትለያይ ነበር። እንዴት እንደምትለያየው ጠየቅኳት።

"እርግጠኛ የሆንኩበትን ለሷ፣ የጠረጠርኩትን ለራሴ" አለችኝ።

ዝርዝሩን አወጣሁ። አርባ አንድ ሰባ ስምንት ከመቶ ነው፤ አርባ ሁለት አርባ ስድስት። ለምን እንዲህ አደረግሽ ስላት፣ እኔ እዚህ አለሁ፣ መጥቼ ማስረዳት እችላለሁ፤ የሌለች ልጅ ግን ከወደቀች በዚያው ትቀራለች አለችኝ።

እኔ የስታትስቲክስ አስተማሪ ነኝ፣ አትክልት። ሁለት ቁጥር ሦስት ወር ሙሉ በሁለት ሴኮንድ ልዩነት ሲከታተሉ አንድ እጅ መሆኑን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። እኔም አይቼዋለሁ። አይቼው "ጓደኛ አግኝታለች" ብዬ ጻፍኩልሽ። ልዋሽሽ ብዬም አይደለም፤ ከወንበሬ እንዳልነሳ ብዬ ነው።

ስለዚህ ከኅዳር 17 በኋላ ያሉትን መልሶች ከኪስሽ አውጪያቸው። ከዚያ በፊት ያሉት የሷ ናቸው።

ቅዳሜ የካቲት 29 ቀን በአዲሱ ገበያ አድርጌ ሱሉልታ ወጣሁ። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። የፋብሪካው ዘበኛ "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ" ብለው ተቀበሉኝና፣ ፈረቃው ዘጠኝ ሰዓት ስለሚወጣ ድንጋይ ላይ አረፍ በል አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሴቶቹ ወጡ። ሁሉም ሰማያዊ ጋዋን ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ተሸፍኗል። አንዷ ከመሃላቸው ቆም ብላ ታየኝ ነበር። ልትረዳኝ የፈለገች መስሎኝ ወደሷ ሄድኩ።

"ይቅርታ እህቴ፣ ኤዶም የምትባል ልጅ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"አውቃታለሁ" አለችኝ። "ምን ፈለጓት?"

"ተማሪዬ ናት። ዘመዴም ናት።"

"ቲቸር፣ እኔ ነኝ" አለችኝ።

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። መንገዱን ተሻግረን አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገባን። ጾም ነበርና ሻይና አምባሻ አዘዝን። እንደኔ አልተደናገጠችም። ዘመዷ መሆኔን ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ኖሯል፤ እትዬ ጥሩዬ ነግረዋታል። ታዲያ ለምን መጥተሽ አልነገርሽኝም አልኳት። ዘመድ ነኝ ብላ ውጤት ልትለምን መጣች እንዳይሉኝ ፈራሁ አለች። ታላቅ እያለ ታናሽ ዝምድና አያነሳም ብለው ነው እትዬ ጥሩዬ ያሳደጓት።

"ይጠሩኛል ብዬ ፊት ወንበር ላይ ስድስት ሳምንት ተቀመጥኩ" አለችኝ። በቁጣ አይደለም የነገረችኝ፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትነግር ነው።

ለምን እንደወጣች ስጠይቃት ስለ ሥራዋ ነገረችኝ። ክዳን ከሚያጠብቀው ማሽን ፊት ነው የምትቆመው። አንድ ቀን አሞኝ ብቀር መስመሩ ቆመ፤ አለቃዬ ሁለቴ ደወለችልኝ፤ በማግስቱ ስመጣ ሁሉም የት ነበርሽ አሉኝ አለች። ይህንን ስትነግረኝ ፊቷ ትንሽ በራ። ኮሌጅ ግን ሦስት ወር ቀረሁ፤ ማንም አልደወለም አለችኝ።

ስላንቺም ነገርኳት፤ መደበቁ አስጠላኝ። ካርቶኑን የላክሽው አንቺ መሆንሽን፣ መልሶቿን በኪስሽ ይዘሽ እንደምትዞሪ ሁሉ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ አምባሻዋን ትቆራርስ ጀመር። በኋላ ስለ ተፍኪው ጥያቄ፣ ስለ አባቷም ያልሽውን ስነግራት ቀና አለች። "እሱን እኔ ነኝ የመለስኩት" አለች። "ቢ መሆኑን አውቅ ነበር። ጣቢታ እርግጠኛ ነሽ ስትለኝ ነው የለወጥኩት።"

ከስታለች ወይ ብለሽ ሦስት ጊዜ ጽፈሽልኛል። ቀጭን ናት። ግን ቀድሞ አይቻት ስለማላውቅ፣ ከስታ ይሁን ተፈጥሮዋ ይሁን ልነግርሽ አልችልም። በዚህ አፍሬያለሁ። ከዚህ ሁሉ የተሰማኝ እሱ ነው።

ሰኞ ኦቦ ዲሪርሳ ዘንድ ገብቼ ሪፖርቴ ስህተት ነው፣ ዘጠና ስድስቱ ውስጥ ስንቱ ሰው ስንቱ ጓደኛ እንደሆነ አላውቅም አልኳቸው። ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል፣ ቁጥሩም ጥሩ ነው፣ ተወው አሉኝ። በእጃቸው ባለው ቅጂ ላይ ግን ስህተት መሆኑን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ለሪሞት የያዝኩትን ነጥብም ለሁሉም ሰርዤ ወደ ፈተናው አዛወርኩት። ልጆቹ አጉረመረሙ። ጣቢታ ተፈትናለች፤ ያለፈች ይመስለኛል። ኤዶም ግን ይህን ወሰነ ትምህርት አጥታለች። ከመስከረም እንድትቀጥል ማቋረጫ ቅጽ ሞላንላት። "የቅርብ ዘመድ ፊርማ" የሚል መስመር አለው። እኔ ፈርሜያለሁ። መብቱ እንዳለኝ አላውቅም፤ እሷም ፈርም አላለችኝም፣ ተው አላለችኝም።

አሁን የምትወቅሺኝን ወቅሺኝ። አዲሱን የስልክ ቁጥሯን ከታች ጽፌልሻለሁ፤ ስጣት ብላኝ ነው።

ጤና ይስጥሽ።
ተረፈ

ታምፔሬ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ተረፈ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ጾሙም አለፈ፣ ፋሲካውም አለፈ፤ እንኳን በሰላም አወጣህ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ሁለት መማሪያ ክፍል ቀርቶኝ ነበር፤ ጠረግኳቸው። ከዚያ ሁለት ወር ምንም አልጻፍኩልህም። መጀመሪያ ተናድጄብህ ነበር። አንድ ሌሊት ስትሰድብህ ባደረች ሴት ቦታ ሆነህ እየኝ። ስድስት ሳምንት ፊትህ የተቀመጠችን ልጅ ማየት አቃተህ ብዬ፣ የምነግረው ሰው እንኳ አጣሁ። ከዚያ ንዴቱም ሄደ። ባዶ ሆኜ ቀረሁ። አንተ ርሃብ በሰዓቱ አይሰማኝም ያልከውን ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

የሰጠኸኝ ስልክ ላይ ለመደወል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስደውል አላነሳችም። ባለፈው እሑድ ግን ራሷ ደወለች። አራት ደቂቃ አወራን። ስለ ማሽኑ ነገረችኝ፤ ሱሉልታ እንደሚበርድ ነገረችኝ። እኔም እዚህ በረዶው ቢሄድም ብርዱ ገና አለ አልኳት። መስከረም ትመለሺያለሽ ወይ ስላት "ሳይሆን አይቀርም" አለች። ይህም ከ"ደህና ነኝ" ይረዝማል።

ከዚያ አንተ በር ላይ መጥተህ እሷኑ ስለ ራሷ እንደጠየቅካት ነገረችኝ። አልሳቀችም፣ አላዘነችም። አስከትላ ጠየቀችኝ።

"አንቺስ፣ ብዙ ሰው መሃል ብቆም ትለዪኛለሽ?"

"እንዴታ፣ እናትሽ አይደለሁም?" አልኳት።

"እሺ" አለችና ዘጋች።

ጋሼ ተረፈ፣ ለማንም የማልናገረውን ላንተ ልናገር። ያለኝ የመጨረሻ ፎቶ ለዚያ ወረቀት የተነሳችው ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ጆሮሽን አሳዪ፣ አትሳቂ ተብላ የተነሳችው ጉርድ ፎቶ ነው፤ የማንም ሊሆን ይችላል። ቁመቷን አላውቀውም። አረማመዷን አላውቀውም። ድምጿን እሑድ ስሰማ ሌላ ሰው የተሳሳተ ቁጥር የደወለ መስሎኝ "ማን ልበል?" ብያታለሁ። ስለዚህ አንተን የምወቅስበት አፍ የለኝም።

ወረቀቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የተስተካከለ ነው፤ ፈርቼ ነው እንጂ መምጣት እችል ነበር። አሁን ትኬት ቆርጫለሁ። ሐምሌ 12 ጧት ቦሌ እገባለሁ። ለእሷ ነግሬያታለሁ፤ እመጣለሁ ብላለች።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። አንተን እንደሁ ከድሮው የተጂ ለቅሶ አውቅሃለሁ፤ አልስትህም። እሷን ይዘህ ና። በሩ ላይ ሰው ይበዛል፤ ከጎኗ አትራቅ። አንተን ካየሁ፣ አጠገብህ የቆመችው እሷ ናት ብዬ እሄዳለሁ። እባክህ ይህን እንዳትነግራት።

እህትህ አትክልት